ምጣዱን ሳታውቁ አዲስ ምጣድ አትሣሉ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ፊደልም ስለ ግሥ እርባታም አይደለም። ስለ ምጣድ ነው። አዎ፣ እናቶቻችሁ እንጀራ ስለሚጋግሩበት ምጣድ! "ምጣድ ደግሞ ምን ትምህርት አለው?" የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ባለፈው መስከረም ከትልልቆቹ ክፍል አራት ተማሪዎች በመደበኛ ትምህርት ቤታቸው የዲዛይን ፕሮጀክት ታዘዙ። "ቤታችሁ ውስጥ ካለው ዕቃ አንዱን ምረጡና የተሻለ አድርጋችሁ ንደፉ" ነው የተባሉት። ልጆቹ ምጣድ መረጡ። ቅዳሜ ዕለት ሥዕሉን ይዘው ወደ እኛ ክፍል መጡ። በኮምፒዩተር የተሠራ፣ ቀለም የተቀባ፣ በጣም የሚያምር ሥዕል ነው። ግን ምጣዱ አራት ማዕዘን ነበር!

"ለምን?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ክብ ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ቦታ ያባክናል፤ አራት ማዕዘን ከሆነ ግን ጥግ ይዞ ይቀመጣል" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር መልሱ ሞኝነት የለበትም። እዚህ ዋይትሆርን በቤዝመንት የሚኖር ሰው ሁሉ የቦታ ጥበትን ያውቀዋል።

በዚያው ሰዓት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ፣ ሁላችን "እማማ" የምንላቸው እናት ቆመው ያዳምጡ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉና ሥዕሉን ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ልጆቼ፣ ሊጡን ከየት ጀምሬ ነው የማዞረው?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነት ነው! ሊጥ የሚፈስሰው ከዳር ተጀምሮ፣ እየዞረ፣ እየጠበበ ወደ መሀል ነው። አራት ማዕዘን ምጣድ ላይ እጅ ሲዞር አራቱ ጥግ ባዶ ይቀራል። ጥጉን ልሙላ የሚል ደግሞ እዚያ ጋ ሊጡ ይወፍርበትና መሀሉ በስሎ ጥጉ ጥሬ ይሆናል።

ልጆቹ የሣቱት አንድ ነገር ነው። ከመሣላቸው በፊት ያለውን ምጣድ አልጠየቁትም። "ምጣድ ይጠየቃል እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። ይጠየቃል! የዲዛይን አስተማሪዎች ነባር ዕቃዎችን ማጥናት ይሉታል። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ያንኑ ችግር እንዴት እንደፈቱት መመርመር ማለት ነው። ዕቃው ለማን ተሠራ? ከምን ተሠራ? ለምን ይህን ቅርጽ ያዘ? ምኑ ይመቻል፣ ምኑ ያስቸግራል? ሲሰበርስ ይጠገናል ወይ? እስቲ እኛም ምጣዳችንን አንድ በአንድ እንጠይቀው።

ከጥንቱ እንጀምር። የሸክላ ምጣድ ሠሪዎቹ ጭቃውን አቡክተው፣ ዳምጠው፣ አድርቀውና በእሳት ተኩሰው የሚያወጡት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሸክላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። አንድ ተማሪዬ ይህንን እንደ ጉድለት ጽፎት ነበር፤ "በጣም ይዘገያል" ብሎ። ግን አስቡት፣ ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስስበት ቶሎ የማይደነግጥ ምጣድ ነው የምንፈልገው። ሸክላው ያጠራቀመውን ሙቀት ወዲያው ለሊጡ ይሰጠዋል። ከዚያ በእርሾው የተፈጠረው አየርና እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲያመልጡ እንጀራው ዓይን ያወጣል። መዘግየቱ ሥራ አለው ማለት ነው።

ደግሞ አዲስ ምጣድ እንዲሁ አይጋገርበትም፣ መሟሸት አለበት። በጎመን ዘር እየተወለወለ ይሟሻል፤ ቅባቱ ቀዳዳዎቹን ሞልቶ እየጠቆረ ፊቱን ያለሰልሰዋል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል። (ትልልቆች ስለ አንድ ሰው "የምጣድ ማሟሻ ሆነ" ሲሉ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ተሞክሮበት የተበላሸ ማለታቸው ነው። ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፣ ጥሩ አነጋገር ነው።)

አሁን ከምጣዱ ሥር ወዳለው እሳት እንውረድ። በገጠር ለረጅም ዘመን ምጣድ የሚጣደው በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ጉልቻ በነጻ ይገኛል፣ አይበላሽም፣ መጠኑም እንደፈለጉ ይስተካከላል። እነዚህ ትልልቅ ጥቅሞች ናቸው፣ አትናቋቸው። ጉዳቱ ደግሞ ነበልባሉ በጎንና በጎን ያመልጣል፤ እንጨቱ ያልቃል፤ ጭሱ የምትጋግረዋን እናት ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ሕመም ሞቷል። ስለዚህ የምድጃ ዲዛይን እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ "ምርጥ" የተባለ ምድጃ ወጣ። ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ የሚሠሩ ቁራጮች ተገጣጥመው እሳቱን ዙሪያውን ይከብቡታል። እንጨት ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል ይባላል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ምርጥን የነደፉት ሰዎች ምጣዱን አልነኩትም! እናቶች ያው የለመዱትን፣ በእጃቸው ያሟሹትን ምጣድ ከላይ ይጥዱበታል። የተለወጠው እሳቱ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ከኋላ በኩል በሚወጣው ትርፍ ሙቀት ላይ ደግሞ ወጥ ወይም ውኃ ይጣዳል። ያለውን በደንብ ያጠና ሰው ምኑን መተው እንዳለበትም ያውቃል። ተረቱ "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይላል። ወጡን ላያጣፍጥ ይችላል፤ እንጨቱን ግን ይቆጥባል!

ስለ ምርጥ ካነሳን እኅቷን "ላቀች"ን መዝለል አይሆንልኝም። ላቀች የከሰል ምድጃ ናት፤ ስሟም በለጠች ማለት ነው። ታሪኳ ግን ከሩቅ ይመጣል። በታይላንድ ውስጡ በሸክላ የተለበጠ ባልዲ መሳይ የከሰል ምድጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኬንያ ባለሙያዎች ያንን አጠኑ፤ ግን እንዳለ አልገለበጡትም። እነሱም "ጂኮ" የሚሉት የራሳቸው የቆርቆሮ ምድጃ ነበራቸውና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው አነጻጸሩ። ሸክላ ሙቀት ይይዛል፣ ይህ ጥሩ ነው። ሁሉም ሸክላ ከሆነ ግን ይከብዳል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሸክላውን ከሰሉ ባለበት በላይኛው ግማሽ ብቻ አደረጉት። ወገቡን ቀጠን፣ ታቹን ሰፋ አደረጉት፤ ምክንያቱም ኬንያውያን ኡጋሊ የሚባለውን ገንፏቸውን ሲያማስሉ በኃይል ስለሆነ ጠባብ ምድጃ ይገለበጣል። ታይላንድ ኡጋሊ የለም! ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኬንያው ጂኮ መነሻ ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ላቀች ተሠራች። ታይላንድ፣ ኬንያ፣ አዲስ አበባ። ታዲያ ይሄ መኮረጅ ነው ትላላችሁ? እኔ አልልም። ኮራጅ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይወስዳል፤ እነዚህ ግን እያንዳንዱን ነገር "ለኛ ይሆናል ወይ?" ብለው ነው የወሰዱት።

እሺ፣ አሁን ወደ ካልጋሪ እንመለስ። እዚህ በእንጨት የሚጋግር የለም። ታዲያ አዲስ አበባ ያለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ለምን አናመጣም? ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ በገንዘቤ ነው የመለስኩት። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ስመለስ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ አመጣሁ። ሳይሰነጠቅ ደረሰ፤ ዘመድ ሁሉ ተጠራ። ሶኬቱን በማገናኛ ሰካሁት። ጠበቅን። ሻይ ጠጣን። እንደገና ጠበቅን። ምጣዱ ለብ ብሎ ቀረ! የፈሰሰው ሊጥም እንደ ገንፎ በማንኪያ ተዛቀ።

ምክንያቱን የገባኝ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው፤ እዚህ ግድግዳችን ላይ ያለው ሶኬት ደግሞ 120 ቮልት። ሒሳብ የምትወዱ ተከተሉኝ። የዚያ ምጣድ ጉልበት 3500 ዋት ነበር። ቮልቱ ሲቀንስ የምጣዱ ጉልበት በዚያው ልክ ብቻ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በካሬው ነው። 120ን ለ220 ስታካፍሉ 0.545 ገደማ ይመጣል፤ እሱን በራሱ ስታባዙት 0.30 ገደማ። ስለዚህ ከ3500 ዋት የደረሰኝ 1050 ዋት ያህል ብቻ ነው። ከሦስት እጅ አንዱም አልሞላም! "ታዲያ 3500 ዋት በ120 ቮልት የሚሠራ ምጣድ ይሠራላ" ያለኝ ልጅ ነበር። የተለመደው የቤት ሶኬታችን 15 አምፔር ነው የሚችለው። 15 ሲባዛ በ120 ስንት ነው? 1800 ዋት። ከዚያ በላይ ሲሆን መብራቱ ከማከፋፈያው ይጠፋል። (ይህን በደብተር ብቻ ነው የምትሞክሩት! ወላጅ ሳይኖር ማንም ሶኬት አይነካም።)

በዚህ ምክንያት አሜሪካና ካናዳ ያሉ ብዙ እናቶች ሌላ መፍትሔ አገኙ፤ ይሄ ታሪክ ለኔ ከሁሉም ይጣፍጠኛል። ኖርዌዮች ሌፍሳ የሚባል ከድንች የሚሠራ ስስ ቂጣ አላቸው። የኖርዌይ ስደተኞች ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲመጡ ሌፍሳቸውንም ይዘው መጡ፤ እዚሁ አልበርታ ውስጥ ካምሮዝ አካባቢ የሰፈሩ ብዙ ናቸው። ለሌፍሳ ተብሎ አዮዋ ውስጥ ክሬስኮ በምትባል ከተማ፣ ቤተኒ የተባለ ኩባንያ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ በ120 ቮልት የሚሠራ ምጣድ ይሠራል። የኛ ሰዎች ይህን አይተው "ይሄማ ምጣድ ነው!" አሉ። ስንቱ ቤት ገባ መሰላችሁ! ለሌላ ሕዝብ የተሠራውን ዕቃ አይቶ ለራስ ሥራ ማዋል ትልቅ ምርምር ነው፤ ያውም ማንም ማርክ ሳይሰጣቸው።

ነገር ግን ዕቃው ለሌፍሳ መታሰቡ ያስታውቃል። ስፋቱ 16 ኢንች ነው፤ በ2.54 ስታባዙት 41 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የኔ የአዲስ አበባ ምጣድ 58 ሳንቲ ሜትር ነበር። ልዩነቱ 17 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይመስላል አይደል? የክብ ስፋት አሠራር የተማራችሁ ግን የሁለቱንም አስሉ። አንዱ የአዲስ አበባ እንጀራ የሌፍሳውን ምጣድ ሁለት እንጀራ ያህላል። ለአንድ ቤተሰብ ሃያ እንጀራ የምትጋግር እናት አርባ ጊዜ ልታሰፋ ነው ማለት ነው። ሌላም አለ፤ ሌፍሳ በዱላ እየተገለበጠ ይበስላል እንጂ አይከደንም። እንጀራ ግን አይገለበጥም፤ ከላይ የሚበስለው በእንፋሎት ስለሆነ መክደኛ የግድ ነው። ስለዚህ በየቤቱ የድስት ክዳን፣ የትሪ፣ የምኑ ክዳን ተፈለገ። ይህን የክዳን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዕቃ ማጥናት መለካትና መመዘን ብቻ አይደለም፤ ሰው መጠየቅም አለ። አራቱ ልጆች የአራት ማዕዘኑን ሥዕል ትተው በየቤቱ ጥያቄ ጀመሩ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አላገኙም። ጥያቄያቸው "ምጣድዎ ጥሩ ነው?" የሚል ነበር። ሁሉም እናት "ጥሩ ነው፣ ይመስገን" አለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ ሌላ መልስ የሚሰጥ ማን አለ? በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄውን ለወጡት፦ "ባለፈው ጊዜ ሲጋግሩ ምን አስቸገረዎት?" አሁን ወሬው እንደ ጎርፍ መጣ። አንዷ ጭስ ማስጠንቀቂያው ስለሚጮህ ጋራዥ ውስጥ እንደሚጋግሩ፣ በጥር ብርድ ደግሞ ምጣዱ አልግል እንደሚላቸው ነገሯቸው። ሌላዋ ወገባቸውን። ሦስተኛዋ "ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ ነው የምቸገረው" ሲሉ ጻፊው ልጅ ግራ ገባው። "ምጣዱ ምን ሰማ?" አለ! ምጣድ ሰማ ማለት በደንብ ጋለ፣ ለመጋገር ደረሰ ማለት ነው። ይህን ቃል የስልክ መተርጎሚያ አልነገረውም። እማማ ጠሩትና ጥቂት ሊጥ ጠብ አድርገው ድምፁን አሰሙት። አሁን ያ ልጅ ምጣድ መቼ እንደሚሰማ በጆሮው ያውቃል።

ከስድስቱ ከተጠየቁት እናቶች አራቱ ግን ያነሱት አንድ ነገር ነው። ክዳኑ! ጠፍጣፋው ክዳን ላይ እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ ይጠራቀምና እንጀራው መሀል ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ የነካው ቦታ ይላቁጣል። ልጆቹ ያኔ የጥንቱን አክንባሎ ፎቶ አውጥተው አዩ። ለጌጥ ነው ብለው የተዉት ሾጣጣ ቅርጽ ነበር። ሾጣጣ ከሆነ ውኃው በጎኑ ተንሸራትቶ ዳር ይወርዳላ! ያውም የጥንቱ አክንባሎ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የሚሠራ ስለሆነ እንፋሎቱን ራሱም ይመጥጠዋል። ብረቱ ግን አይመጥም።

እንግዲህ ፕሮጀክቱ ከምጣድ ወደ ክዳን ተለወጠ። ከልጆቹ የአንዱ አባት የቆርቆሮ ሥራ ስለሚያውቁ አብረው ሾጣጣ ክዳን ሠሩ። የመጀመሪያው እጀታው ብረት ስለነበረ አይያዝም። ሁለተኛው እጀታው እንጨት ሆነ፣ ግን ዳሩ ከምጣዱ ጋር እኩል ስለነበር የወረደው ውኃ እንጀራው ጠርዝ ላይ ቆመ። ሦስተኛው ዳሩ ከምጣዱ በሁለት ሳንቲ ሜትር ሰፋ፤ ውኃውም ውጭ ጠብ አለ። እማማ አንስተው፣ አገላብጠው አዩና "ይሄማ አክንባሎ ነው" ብለው ሳቁ። ልጆቹም "አዎ፣ እማማ፣ ለሌፍሳ ምጣድ የሚሆን አክንባሎ" አሏቸው። ሦስቱም ክዳኖች ክፍላችን መደርደሪያ ላይ አሉ፤ የተበላሹትን ሁለቱንም ጭምር መጥታችሁ እዩ።

ለወላጆች አንድ ቃል። ልጆቻችሁ በዚህ ሳምንት በጥያቄ ሊያስቸግሯችሁ ነው። እባካችሁ በአማርኛ መልሱላቸው፣ ቃሉ ባይገባቸው ዕቃውን እያሳያችሁ ንገሯቸው። "ጥሩ ነው፣ ይመስገን" ብላችሁ አትሸኟቸው። ሥዕሉን ግን እናንተ አትሣሉላቸው!

የቤት ሥራ፦ ከቤታችሁ አንድ ነባር ዕቃ ምረጡ። ጀበና፣ ሙቀጫ፣ መሶብ፣ ሰፌድ፣ የፈለጋችሁትን። ለኩት፣ ሣሉት፣ ከምን እንደተሠራ ጻፉ። አንዱን ክፍሉን ምረጡና "ይህ ባይኖር ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የጀበና አንገት ለምን ቀጠነ? የመሶብ ክዳን ለምን ሾጠጠ? ከዚያ ዕቃውን በየቀኑ የሚጠቀም አንድ ትልቅ ሰው ባለፈው ጊዜ ምን እንዳስቸገረው ጠይቁና መልሱን በራሱ ቃል ጻፉት። የማታውቁት ቃል ካለ አስምሩበት፣ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን። ሜትር የሌላችሁ ከክፍል ተዋሱ። ስትመልሱት ግን ሊጥ እንዳይኖርበት፤ ባለፈው የመለሳችሁልኝ ሜትር እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ አይነበብም!